ፒካቹ መረብ ኳስ፦ ስማሼን ማን በላው?

ትናንት ማታ ታናሽ ወንድሜን 15 ለ 11 ረታሁት። ለሌላው ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፤ እኔ ግን በዚህች ጌም እሱን ስረታ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ሳላወራው አላድርም።

ለማታውቋት፣ በ1997 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለዊንዶውስ የተሠራች ትንሽ ጌም ናት። ግራና ቀኝ አንድ አንድ ፒካቹ (የፖኬሞን ካርቱኑ ቢጫ ፍጥረት)፣ መሃል ላይ መረብ ተብሎ የቆመ ምሰሶ፣ አንድ ኳስ፣ አለቀ። ሦስት ንክኪ የሚባል ሕግ የለም፤ ኳሷ መሬት እስካልነካች ድረስ ብቻችሁን ስታነጥሯት ብትውሉ ከልካይ የላችሁም። አሁን የምንጫወታት አንድ ኮሪያዊ ፕሮግራመር የድሮውን ፋይል ፈታትቶ ለብራውዘር መልሶ የጻፋትን ነው። ኮዱም ለማንም ክፍት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት እጅ ማፍታቻ ነበሩ። መዝለል፣ በደረት መወርወር፣ ኮምፒውተሩን ማሸነፍ። ኮምፒውተሩን ብዙ አትቁጠሩት፤ ድፍረቱ በየነጥቡ በዕጣ ነው የሚወጣለት፣ አንዴ አንበሳ ነው፣ አንዴ ፈሪ።

ያቃጠለኝ ስማሽ ነው። እዘላለሁ፣ ኳሷን ከፍ ብላ አገኛታለሁ፣ የታች ቀስቱንና መምቻውን አንድ ላይ እጫናለሁ። ኳሷ ቁልቁል መውረድ ሲገባት ቀጥ ብላ በአግድም ትሄድና የኋላውን ግድግዳ መትታ ወንድሜ ጭንቅላት ላይ በቀስታ ታርፋለች። እሱ ይስቃል። ቁልፉ ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ኪቦርዱን ስረግም ከረምኩ።

በመጨረሻ ኮዱን ከፍቼ አየሁት። ለካ ስማሹ ጉልበት አላነሰውም! የኳሷን የመውጣት ወይም የመውረድ ፍጥነት ይወስድና፣ ከ15 ካነሰ 15 ያደርገዋል፣ ከዚያ በሁለት ያባዛዋል። ወደ ላይ ወይስ ወደ ታች የሚለውን ግን የሚያየው ኳሷ በነካችኝ ቅጽበት ከያዝኩት ቀስት ነው፤ እኔ ደግሞ ሁሌ የታች ቀስቱን ቀድሜ እለቀዋለሁ። ቀስቱ ካልተያዘ አቅጣጫው ዜሮ ነው፣ በዜሮ የተባዛ ደግሞ ያው ዜሮ ነው። ጌሟ በመካከለኛ ፍጥነት በሴኮንድ 25 ጊዜ ስዕሏን ታድሳለች፤ በእያንዳንዷ እድሳት የኳሷ የቁልቁል ፍጥነት በ1 ይጨምራል። ከጫፍ በኋላ አምስት እድሳት ብትጠብቁ 5 ይሆናል፣ ስትጠልዟት ግን ጫፍ ላይ እንደመታችኋት ያው 30። ያ ማለት ቁም ነገሩ መጠበቅ ሳይሆን፣ ኳሷ እስክትነካችሁ የታች ቀስቱን አለመልቀቅ ነው። በጣም ዝቅ ብላ ከመታችኋት ግን መረቡ ይበላታል።

የበለጠ የገረመኝ የጎን ፍጥነቱ ነው። አቅጣጫ ሳትይዙ ብትመቱ 10፣ ይዛችሁ ብትመቱ 20። ግን ወደ ፊት ያዙ ወደ ኋላ ለውጥ የለውም፤ ኳሷ በየትኛው ሜዳ እንዳለች ታይቶ ሁሌ ወደ ባላጋራ ነው የምትሄደው። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይጠልዝ ነበር፣ እኔ ለጉራ ይመስለኝ ነበር። አንድ መስመር ኮድ ሳያነብ ገብቶታል።

መልመድ የምትፈልጉ ካላችሁ ፍጥነቱን ዝቅተኛው ላይ፣ 20 ላይ አድርጉት። «በፈጣኑ ካልለመድክ አትለምድም» የሚሉትን አልሰማም፤ ዓይን ያላየውን ጣት አይማርም። ከኮምፒውተሩ ጋርም ጊዜ አታጥፉ። ይህን ስል እኔው ራሴ ሰርቭ ስቀበል አሁንም እደናገጣለሁ፣ ለዚያ መድኃኒት የለኝም።

አንድ ነገር ደግሞ መደበቅ አይሆንልኝም። ሁለታችንም በአንድ ላፕቶፕ ኪቦርድ ነው የምንጫወተው። እኔ ቀስቶቹንና ኢንተርን ያዝኩ፣ እሱ በግራ በኩል ያሉትን ፊደሎች። ብዙ ቁልፍ አንድ ላይ ሲነካ ላፕቶፑ አንዳንዱን ይውጠዋል፤ ትናንት ማታ ደግሞ የሚዋጠው አብዛኛውን የእሱ ዜድ ነበር፣ መምቻው። 9 እኩል ላይ ሳለን ነቅቼበት ነበር። ምንም አላልኩም።

ዛሬ ማታ ጎን እንቀያየር ብሏል።