ቀዩ የፍሬን መብራት ሲበራ ዘይት ከመጨመሬ በፊት ያየሁት

መብራቱ መጀመሪያ ላይ ብልጭ የሚለው ስታጠፍ ብቻ ነበር። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ምንም የለም፤ ጠምዘዝ ሳደርግ ወይም ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስይዝ ግን በክብ ውስጥ ያለው ቃለ አጋኖ ዳሽቦርዱ ላይ ቀልቶ ብቅ ይላል፣ መኪናው ሲስተካከል ይጠፋል። የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «የፍሬን ዘይት ጎድሎ ነው፣ ጨምርና ተገላገል።» መጉደሉን እኔም ጠርጥሬያለሁ። ነገር ግን የፍሬን ዘይት እንደ ነዳጅ እየተቃጠለ የሚያልቅ ነገር አይደለም። ከጎደለ የሆነ ቦታ ሄዷል፤ የት እንደሄደ ሳላውቅ መሙላት አልፈለግኩም።

ከሁሉ በፊት ፔዳሉን ፈተንኩ። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ፔዳሉን ረግጬ ያዝኩት። ጠንካራ ነው፣ ቀስ እያለም አይሰምጥም። ቢለሰልስ ወይም ወደ ወለሉ ቢወርድ ኖሮ ፍተሻው እዚያው ያበቃ ነበር፤ እንዲህ ያለ መኪና ተጎትቶ እንጂ ተነድቶ ጋራዥ አይሄድም። ቢጫው የኤቢኤስ መብራት አለመብራቱንም አየሁ። ቢጫው ብቻውን ከበራ አብዛኛውን ጊዜ ተራው ፍሬን ይሠራል፣ ችግሩ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው ክፍል ላይ ነው። ሁለቱ አብረው ከበሩ ግን ቤት ውስጥ የሚጨረስ ጉዳይ አይደለም።

በብዙ መኪኖች ላይ ያው ቀይ መብራት ለእጅ ፍሬንም ያገለግላል። እጀታው ሥር ትንሽ ስዊች አለች፤ ከቦታዋ ፈቀቅ ካለች እጀታው ወርዶም መብራቱ ይበራል። ሶኬቷን ነቅዬ ገላጣ ቦታ ላይ በዝግታ ዞርኩ። መብራቱ አሁንም ብልጭ አለ፣ እሷ ነፃ ወጣች።

ኮፈኑን ስከፍት ነገሩ ግልጽ ሆነ። የዘይቱ ማጠራቀሚያ ውስጡን ስለሚያሳይ ክዳኑን መንካት አላስፈለገኝም፤ ዘይቱ ዝቅተኛው መስመር ላይ ደርሷል። ውስጡ ማግኔት የያዘ ተንሳፋፊ አለ፣ ከዘይቱ ጋር ሲወርድ ስዊቹን ያገናኛል። ዘይቱ አፋፍ ላይ ሲሆን መኪናው ባዘነበለ ቁጥር ወደ አንድ ወገን ይሸሻል፣ ተንሳፋፊው ዝቅ ይላል፣ መብራቱ ይበራል። ስታጠፍ ብቻ የሚበራው ለዚህ ነበር።

ዘይቱ ሊሄድ የሚችልበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ፍሳሽ ነው። የአራቱንም ጎማዎች የውስጥ ጎን፣ ዘይቱ የሚያልፍባቸውን የላስቲክ ቱቦዎች፣ የፍሬን ፓምፑንም ሥር በባትሪ መብራት እያየሁ በነጭ ጨርቅ ጠረግኩ፤ ጨርቁ ላይ አቧራ እንጂ እርጥበት አልነበረም። ሁለተኛው የፍሬን ሸራው ነው፤ ፍሬን ስንይዝ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨምቆ የሚያቆመው። ሸራ በሳሳ ቁጥር እሱን የሚገፋው ፒስተን ክፍተቱን ለመሙላት ወደ ውጭ ይወጣል፣ ከኋላው የሚተወውን ቦታ ደግሞ ከማጠራቀሚያው የሚመጣ ዘይት ይይዘዋል። ዘይቱ አልጠፋም፣ ቦታ ቀየረ እንጂ።

መኪናውን በክሪክ አንስቼ፣ በብረት ማቆሚያ ደግፌ የፊቱን ጎማ ፈታሁ። የውጪው ሸራ ብዙ ይቀረዋል። የውስጠኛው ግን ብረቱ ሊደርስ ምንም አልቀረውም፤ ብዙ ጊዜ መቀየሪያ ተብሎ ከሚያዘው 3 ሚሊ ሜትር በእጅጉ ያነሰ ነበር። ካሊፐሩ፣ ማለትም ሸራዎቹንና ፒስተኑን የያዘው ክፍል፣ የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ቅባታቸው ደርቆ ስለተያዙ አንደኛው ሸራ ብቻውን ሲሠራ ኖሯል። ጎማ ሳይፈታ በቸርኬው ቀዳዳ አጮልቆ «ሸራህ ደህና ነው» የሚል ሰው ስለዚህ አይዋጥልኝም፤ በቀዳዳው የሚታየው የውጪው ነው።

የሁለቱንም የፊት ጎማዎች ሸራ ቀየርኩ፣ ፒኖቹን አጽድቼ ሙቀት የሚችል የፍሬን ቅባት ቀባሁ። በጣም ያስደሰተኝ ፒስተኖቹን ቀስ እያልኩ ወደ ቦታቸው ስመልስ ያየሁት ነው፦ አንዲት ጠብታ ሳልጨምር ዘይቱ ከዝቅተኛው መስመር ተነስቶ ላይኛው አጠገብ ደረሰ። አስቀድሞ ተሞልቶ ቢሆን ኖሮ በክዳኑ በኩል ገንፍሎ ይፈስ ነበር። የፍሬን ዘይት ደግሞ ቀለም ይልጣል፤ ከነካ ወዲያው በውሃ ማጠብ ነው።

ዘይቱ ጠቁሮ ስለነበር ሙሉ በሙሉ እንዲቀየርና አየሩ እንዲወጣ ለመካኒክ ሰጠሁት። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት ሲገባበት የመፍያ ነጥቡ ይወርዳል። ዶት 4 ለሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት የተቀመጠው ዝቅተኛ መመዘኛ አዲስ ሳለ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው፣ እርጥበት ከያዘ በኋላ 155። ረጅም ቁልቁለት ላይ ይህ ልዩነት ቀልድ አይደለም። ዓይነቱን ክዳኑ ላይ ከተጻፈው መውሰድ ነው፤ ዶት 5 ሲሊኮን ስለሆነ ከዶት 3 ወይም ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም።

ሸራ በገዛ እጁ ለሚቀይር ሰው አንድ ነገር፦ መኪናውን ከማንቀሳቀስህ በፊት ፔዳሉን ደጋግመህ ርገጥ። ፒስተኖቹ ወደ ውስጥ ስለገቡ የመጀመሪያው እርግጫ ወለል ድረስ ይወርዳል፤ ያ እርግጫ መንገድ ላይ መሆን የለበትም።

አሁን መብራቱ ስታጠፍም አይበራም። ማጠራቀሚያው ላይ በደረጃው ልክ ቀጭን ፕላስተር ለጥፌያለሁ። ዘይቱ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ከፕላስተሩ ዝቅ ቢል ሸራ እያየሁ እጠብቃለሁ፤ በድንገት ቢወርድ ግን የምፈልገው ፍሳሽ ነው።