ባቡሩ ለሁለት ሲከፈል

ሥራዬ ባህር ዳር ቁጭ ብዬ ሰው ወደ ውጭ መላክ ነው። ቪዛ፣ ኢንሹራንስ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የአበል ደብዳቤ፤ እነዚህን ለምጃቸዋለሁ። ባቡር ግን ሌላ ጣጣ ነው። ጎጃም ውስጥ ሀዲድ የለም። የአዲስ አበባ ጅቡቲው መስመር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅም ያየነው በቴሌቪዥን ነው። እኛ የለመድነው መናኸሪያ ነው፤ ረዳቱ "ማርቆስ! ማርቆስ!" ይላል፣ ትገባለህ፣ ስትደርስ "ወራጅ አለ" ትላለህ። ጀርመን አገር "ወራጅ አለ" ብትል ዞር ብሎ የሚያይህ የለም።

ሁለት የላቦራቶሪ ባለሙያዎቻችን ለሥልጠና ሄዱ። አንደኛው ጡረታቸው የተቃረበ፣ ሁላችንም "ጋሼ" የምንላቸው ሰው ናቸው። ሁለተኛዋ ወጣት ናት። በርሊን ሰንብተው ወደ ቩፐርታል በፈጣኑ ባቡር፣ በአይሲኢ፣ ሊሄዱ ነው። እዚያ መቀመጫ ማስያዝ ግዴታ አይደለም፤ ለብቻው ይከፈልበታል። ለማንኛውም ብለን አስያዝንላቸው። የሁለቱም ትኬት ልጅቷ ስልክ ላይ ነበር።

11 ሰዓት ገደማ ቦርሳዬን አንስቼ ልወጣ ስል ስልኬ ጠራ።

"ጋሼ ጠፉብኝ!"

መልስ ሳልሰጣት ሌላ ጥሪ ገባ። ጋሼ ናቸው።

"ኧረ ልጅቷ ጠፋችብኝ! እናቷን ምን ብዬ ነው የማያት?"

ሁለቱም ባቡር ላይ ናቸው። ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ሰዓት ነው የተነሡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የበርሊን ዋና ባቡር ጣቢያ ፎቅ ነው። ወደ ምዕራብ የሚሄደው ባቡር ከላይ ይነሣል። ጋሼ ውሃ ሊገዙ ወደ ታች ወረዱ። ሲመለሱ ባቡሩ ሊንቀሳቀስ ነው። ባገኙት በር ዘለው ገቡ፤ "በውስጥ በውስጥ ሄጄ ቦታዬ እደርሳለሁ" ብለው። ማንም ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው። ግን ያ ባቡር አንድ ባቡር አይደለም። ሁለት ባቡሮች አፍ ለአፍ ተያይዘው ነው የሚጓዙት፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በውስጥ መተላለፊያ የለም። ሐም የምትባል ከተማ ሲደርሱ ይላቀቃሉ። አንዱ በሃገንና በቩፐርታል አድርጎ ኮሎኝ ይገባል። ሌላው በዶርትሙንድና በኤሰን በኩል ወደ ዱሰልዶርፍ ያቀናል። ጋሼ የዱሰልዶርፉ ላይ ናቸው።

ደግነቱ ባቡሩ ውስጥ ነፃ ዋይፋይ አለ። የጎረቤቴን ስልክ ተውሼ አንዷን በግራ፣ አንዱን በቀኝ ጆሮዬ ያዝኩ። በዚህ መሀል ትኬት ተቆጣጣሪው ጋሼ ዘንድ ደረሰ። ልጅቷ ትኬታቸውን በቴሌግራም ላከችላቸው። ሰውየው አየና "ዶርትሙንድ ላይ ውረዱ" አላቸው።

እሷ ደግሞ "ወርጄ ልፈልጋቸው" ትላለች። እዚህ ላይ ነው ቆጣ ያልኩት። ሁለት ሰው እየተፈላለገ በማያውቀው አገር ከተንከራተተ እስከ ማታም አይገናኝም።

"አንቺ ትክክለኛው ላይ ነሽ፣ ንቅንቅ እንዳትይ። ቩፐርታል ወርደሽ እዚያው ጠብቂያቸው።"

የባቡሩን መተግበሪያ ከፍቼ ሳይ ከዶርትሙንድ በሃገን በኩል ቩፐርታል የሚገባ አርኢ 4 የሚባል የክልል ባቡር አለ። ጋሼን ወረቀት ላይ አስጻፍኳቸው። ወረቀቷን ለሰው እያሳዩ፣ ሌላ ትኬት ቆርጠው በሰላም ደረሱ። ቩፐርታል ውስጥ ከ1901 ጀምሮ የሚሠራ፣ ከላይ ተንጠልጥሎ የሚሄድ ባቡር አለ። እሱን ግን "ይሄስ በቃኝ" ብለው ሳይሳፈሩበት ተመለሱ።

አሁን ተጓዥ ሲመጣ ከባቡሩ ቁጥር በላይ ስለ ፉርጎው ቁጥር ነው የምጨቀጭቀው። በሩ አጠገብ ያለው ስክሪን ፉርጎው የት እንደሚሄድ ይጽፋል፤ እሱን ሳታዩ አትግቡ እላለሁ። ትኬቱንም ለየራሳቸው፣ በወረቀት ጭምር እሰጣቸዋለሁ። እዚያ ያለ ዘመድ "በወሩ ትኬት ሂዱ፣ ርካሽ ነው" ይላቸዋል። ርካሽስ ርካሽ ነው፤ ግን ለክልል ባቡር እንጂ ለአይሲኢ አይሠራም።

ጋሼ ሲመለሱ ሂሳብ ሊያወራርዱ ፋይናንስ ሄዱ። "የተፈቀደው ጉዞ ከበርሊን ቩፐርታል ነው፤ ዶርትሙንድ ምን ሊሠሩ ሄዱ?" ተባሉ። ማብራሪያ በደብዳቤ አቅርቡ ተባለ። ሁለት ገጽ ጻፉ፤ አንዱ ገጽ ሙሉ በሙሉ ስለ ውሃው ዋጋ ነው። ገንዘቡ አልተመለሰላቸውም።