ተረቱ አርብ እንዲያልቅ ሰኞ ምን ይደረግ?

ዕረፍት ሰዓት ላይ ጓደኞቹን ከቦ ያየውን ፊልም ከነድምፁ የሚተርክ የሦስተኛ ክፍል ልጅ፣ እርሳስ ሲይዝ ሁለት መስመር ላይ ይቆማል። ወሬ አልቆበት አይደለም። ፊደሉን፣ ቃሉንና ታሪኩን በአንድ ጊዜ ማሰብ ስለሚከብደው ነው። ስለዚህ አርብ ዕለት «ስለ ክረምት ድርሰት ጽፋችሁ ኑ» ብሎ መሸኘት ብዙም አያስተምረውም። ሰኞ የሚመጣው ሦስት ዓይነት ደብተር ነው፦ ባዶ፣ ከመጽሐፉ ምንባብ የተገለበጠ፣ እና በታላቅ እህት የእጅ ጽሑፍ ያማረ። ድርሰት ክፍል ውስጥ ይጻፍ፤ ወደ ቤት የሚሄደው ሌላ ሥራ ይሁን።

ሰኞ ደብተር አይወጣም። መምህሯ «ተረት ተረት» ትላለች፣ ክፍሉ «የላም በረት» ይላል፣ ተረቱ ይጀመራል። ግን ግማሽ ላይ፣ ጅቡ አህያዋን ወንዝ ዳር ብቻዋን ያገኛት ጊዜ፣ ይቆማል። የቀረውን ልጆቹ ለዴስክ ጓደኞቻቸው ይጨርሱታል፤ ለአንድ ልጅ ሁለት ደቂቃ፣ ሦስት በተቀመጡበት ዴስክ ስድስት ደቂቃ። 60 ልጅ አንድ ላይ ሲያወራ ክፍሉ ይናጋል፤ ይናጋ። ዝም የሚያሰኘው ምልክት (ሦስት ጭብጨባ ይበቃል) አስቀድሞ ይለመድ እንጂ ጫጫታው የሥራው አካል ነው። የዕለቱ ቤት ሥራም የሚጻፍ አይደለም፦ «ቤት ካሉት ትልልቅ ሰዎች አንዱን ‘ጅብ ምን ይፈራል?’ ብላችሁ ጠይቃችሁ ኑ።» ማንበብ የማይችል ወላጅ በሌላው ቤት ሥራ ሁሉ ዳር ይቆማል፤ በዚህኛው ግን ዋናው እሱ ነው።

ማክሰኞ አንድ ገጽ በመስቀለኛ መስመር ለአራት ይከፈላል፦ ማንና የት፣ ምን ገጠመው፣ ምን አደረገ፣ እንዴት አለቀ። በየሳጥኑ ከሦስት እስከ አራት ቃል፣ ወይም ሥዕል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛው ሳጥን በእንስሳ ይሞላል፤ አንበሳ፣ ጦጣ፣ ቀበሮ፣ ጅብ ሁሉም ይገባሉ፣ ከዚያ ለማንም ሥራ አይተርፍም። ሁለት ብቻ ይፈቀድ። ሦስተኛው ሳጥን ደግሞ ባዶ ይቀራል፤ ልጁ ከችግሩ ዘልሎ «ከእንቅልፌ ነቃሁ» ላይ ያርፋል። ሦስተኛው ሳጥን ሳይሞላ ወደ ረቡዕ መሻገር የለም።

ረቡዕ ይጻፋል። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ 25ቱ ለጽሕፈት ብቻ ይተው፤ ልኩ ከስድስት እስከ ስምንት ዓረፍተ ነገር፣ አንድ መስመር እየዘለሉ። የተዘለለው መስመር ኋላ ለእርማት ያስፈልጋል። ላጲስ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ። አንድ ቃል ሦስት ጊዜ የሚያጠፋ ልጅ ታሪኩን ይረሳዋል፣ ወረቀቱንም ይቀደዋል። የተሳሳተው ላይ አንድ መስመር ይሰመርበትና ይቀጠል።

የሚወጣው እንዲህ ያለ ነገር ነው፦ «አንድ ቀን ጅብ ነበረ ከዚያ አህያ አየ ከዚያ ሮጠ ከዚያ ያዛት ከዚያ በላት።»

ይህን በቀይ እስክሪብቶ ማልበስ ይቻላል፤ ልጁ የሚያየው ግን ቀዩን ብቻ ነው። ሁለት ጥያቄ ይበቃዋል። «ማን ነው የሮጠው?» ሲባል «አህያዋ» ካለ፣ ሮጠች እንጂ ሮጠ እንደማይባል ራሱ ይሰማዋል፤ ሲያወራ አይስተውምና። ቀጥሎ «ከዚያን ሳትጠራ ንገረኝ» ይባል። ልጁ ወዲያው «ጅቡ አህያዋን አይቶ ተከተላት» ይላል። አይቶ፣ ሮጣ፣ ይዞ የሚሉት ግሦች ከአፉ አይጠፉም፤ ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው «ከዚያ» የሚተካቸው። ከአራቱ «ከዚያ» አንድ እንዲቀርለት ቢፈቀድለት ጥሩ ነው፣ ጨርሶ መከልከል ያስደነግጣል። አራት ነጥቡም ጮክ ብሎ ሲያነብ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ይገባል።

ለሐሙስ የቃል ጽሕፈት አሥሩ ቃላት ከራሳቸው ስህተት ይለቀሙ። የተለመዱት ይታወቃሉ፦ «ነው» በ«ዉ» ይጻፋል፣ «መጥቷል» «መጥቶአል» ይሆናል፣ «ሄዶ» «ሂዶ» ይባላል። የ«ሰ» እና «ሠ»፣ የ«ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ነገር ግን በዚህ ክፍል ማርክ አያስቀንስ። ጋዜጣውም ያልተስማማበት ጉዳይ ነው። ልጁ የራሱን ስምና በመማሪያ መጽሐፉ የሚያያቸውን ቃላት እንደተጻፉት ቢጽፍ ይበቃል።

እርማቱ መምህሩን የሚጨርሰው ሁሉንም በአንድ ሌሊት ሲሞክር ነው። 60 ደብተር በሦስት ደቂቃ ሦስት ሰዓት ይፈጃል። በአምስት ቡድን ከተከፈለ ግን በቀን 12 ደብተር፣ 36 ደቂቃ ነው። የቀኑ ቡድን በደንብ ይታይለታል፤ አንድ የተሳካለት ዓረፍተ ነገር ከሥሩ ይሰመርበታል፣ አንድ ጥያቄ ይጻፍለታል። ለሌሎቹ ፊርማ ይበቃል። ቡድኖቹ በየሳምንቱ ቀን ይቀያየሩ፣ አለዚያ የአርቡ ቡድን ሁልጊዜ የደከመ መምህር ይደርሰዋል።

የቤት ሥራው ጠቅላላ ከ20 ደቂቃ አይለፍ። በዚህ ላይ ከሰሌዳ የመገልበጡ ጊዜ ሲታከል የሚያስቆጣ ይሆናል፤ ስለዚህ ጥያቄው አጭር ይሁን። ፈረቃም ይታሰብ። ከሰዓት የሚማር ልጅ ቤቱ ሲደርስ ሊመሽ ነው፣ መብራት የሚጠፋበት ቀንም አለ፤ የዛሬው ለነገ ወዲያ ቢሰጥ ጠዋቱን ይጠቀምበታል። ለሂሳብ ስድስት ጥያቄ፦ አራቱ ከዕለቱ፣ ሁለቱ ካለፈው ሳምንት። ቁጥሮቹም ይመረጡ። ለምሳሌ 402 ሲቀነስ 157 ስህተቱን ራሱ ይናገራል፦ መልሱ 245 ሲሆን 355 ያመጣ ልጅ አልተበደረም፤ በየቤቱ ከትልቁ ትንሹን ቀንሷል። ለእሱ ሌላ አሥር ጥያቄ መጨመር ስህተቱን ማስለመድ ነው፤ ይልቅ በመቶ፣ በአሥርና በነጠላ ብር እየዘረዘረ ያሳይ።

አርብ ታሪኩ በንጹሕ ይገለበጥና አምስት ልጆች ያነባሉ፤ ሌሎቹ በሚቀጥሉት ሳምንታት። ያነበበው ልጅ «ተረቴን መልሱ» ሲል ክፍሉ «አፌን በዳቦ አብሱ» ይበልለት። ማን እንዳነበበ አለቃው ስም ይያዝ፣ ጎበዞቹ ብቻ እየተደጋገሙ እንዳይወጡ። ድምፁ የማይሰማ ልጅ የዴስክ ጓደኛው አብሮት ይነሳ። የድርሰት ደብተሩ ከክፍል ሥራው የተለየ ባለ 50 ገጽ ይሁንና ትምህርት ቤት ይቀመጥ፤ ቁም ሳጥን ከሌለ ካርቶን ይሠራል። ቤት የሚሄደው በወር አንዴ፣ ወላጅ አንብቦ ወይም አስነብቦ እንዲፈርምበት ነው።