የቡችሎች ክትባት ማስጀመር ቀላል ነው፤ ማስጨረስ ነው ጉዱ

ዘንድሮ ውሻዬ የወለደቻቸው ቡችሎች በሙሉ ክትባታቸውን ጨረሱ። ለብዙ ሰው ይኼ ወሬ አይሆንም። ደሴና አካባቢዋ ውሻ የምታረቡ ግን ነገሩ ይገባችኋል። የሠራልኝን ላካፍላችሁ፤ ያልተፈታልኝንም ጭምር።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቶሎ ልለፋቸው። እናቲቱ ከማርገዟ በፊት ክትባቷ የተሟላ ይሁን፤ ቡችሎቹ የመጀመሪያ መከላከያቸውን የሚያገኙት ከእንገሯ ነው። በተወለዱበት ቀን በደንብ ካልጠቡት በኋላ አይተካም። የደሴ ብርድ ደግሞ ምሕረት የለውም፤ የበረደው ቡችላ አይጠባም። ካርቶን፣ ደረቅ ጆንያ፣ ነፋስ የማያገኘው ጥግ። ይኸው ነው።

የትል መድኃኒት በሁለተኛው ሳምንት ይጀመራል። «ዓይናቸው እንኳ በቅጡ ሳይገለጥ?» የሚሉኝ አሉ። አዎ። ትሉ፣ ማለትም ወስፋቱ፣ እኮ ከደጅ የመጣ አይደለም። በእናቲቱ ሰውነት ውስጥ ተኝቶ የቆየው እጭ ስታረግዝ ይነቃና በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ የቀረው በወተት ይከተላል። ስለዚህ በሁለት፣ በአራት፣ በስድስትና በስምንት ሳምንታቸው ይወስዳሉ፤ ከዚያ እስከ ስድስት ወር በየወሩ። እናቲቱም አብራቸው ትወስዳለች። የሚደጋገመው መድኃኒቱ የሚገድለው አንጀት የደረሰውን ትል ስለሆነ ነው። ገና በጉበትና በሳንባ በኩል እየተጓዘ ያለው ያመልጥና በኋላ ይደርሳል።

ሆዱ እንደ ከበሮ የተወጠረ ቡችላ ያየ ጎረቤት «ማሻ አላህ፣ ጠግቧል!» ይላል። ጎኑን ዳበስ አድርጉት። የጎድን አጥንቱ አንድ በአንድ የሚቆጠር ከሆነ፣ ጸጉሩም ከደረቀ፣ ጥጋብ ሳይሆን ትል ነው።

የትል መድኃኒቱ የሚለካው በክብደት ስለሆነ ሚዛን ላይ ግትር ነኝ። የወጥ ቤት ሚዛን ላይ ሳህን አስቀምጡ፣ ቡችላውን በጨርቅ ጠቅልላችሁ መዝኑት፣ ጻፉት። የአንድ እናት ልጆች ሆነው የትንሹ ክብደት የትልቁን ግማሽ ላይሞላ ይችላል። የትል ሽሮፑም ከጠርሙስ ጠርሙስ ይለያያል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ አንብቡና ሐኪሙን ጠይቁ። መርፌው በተነቀለለት ስሪንጅ፣ በአፉ ጥግ፣ ቀስ እያላችሁ ስጡት። ለበግ የተሠራ ኪኒን ሰባብሮ ለቡችላ መስጠት ግን ያናድደኛል። «ሁሌም እንዲህ ነው የምናደርገው» መልስ አይሆንም።

የኮሶ ትል ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል። እኛ አገር ለአረፋም ለፋሲካም በግ ይታረዳል፤ ውሃ የቋጠረ ጉበትና ሳንባ ለውሻ ይወረወራል። ውሻው ከዚያ የሚይዘው ትል እንቁላሉ በኩሱ ይወጣና ሰው ጉበት ውስጥ ያንኑ ውሃ የቋጠረ እባጭ ያመጣል። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። ኩስም በየቀኑ ይጠረግ። የወስፋቱ እንቁላል አፈር ላይ ሁለትና ሦስት ሳምንት ካልቆየ በሽታ አያስተላልፍም፤ መጥረጊያ የያዘ ሰው ይቀድመዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ፓርቮና ዲስተምፐር የሚባሉትን ቡችላ ገዳይ የቫይረስ በሽታዎች የሚከላከለው ክትባት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀመራል። ሰው አንዷን መርፌ ያስወጋና «ተከትቧል» ብሎ ያወራል። አልተከተበም! ከእንገሩ ያገኘው መከላከያ ገና ደሙ ውስጥ ካለ ክትባቱን ያከሽፈዋል። ያ መከላከያ ደግሞ ከቡችላ ቡችላ በተለያየ ሳምንት ነው የሚያልቀው። መሀል ላይ ክፉ ጊዜ አለ፤ የእናቲቱ መከላከያ በሽታውን ለመመለስ አቅም ያጣል፣ ክትባቱን ለማክሸፍ ግን ገና ይበቃል። በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ እየተደጋገመ እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት የሚዘልቀው ለዚህ ነው። ለእኔ ትልቋ መርፌ የመጨረሻዋ ናት።

ስለዚህ ዕቅዱን ከኋላ ወደ ፊት ነው የምጽፈው። መጀመሪያ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት፣ ቀጥሎ አሥራ ሁለተኛው፣ ከዚያ ስምንተኛው። የእብድ ውሻ ክትባት ከአሥራ ሁለተኛው ሳምንት በፊት አይገባም፤ እኔ ከዚያው ቀጠሮ ጋር አደርገዋለሁ። በወር አትቁጠሩ፣ በሳምንት ቁጠሩ። ነሐሴ ላይ ለተወለደ ቡችላ ጳጉሜ መሀል ትገባና ሒሳቡን ታበላሽባችኋለች።

ችግሩ ቡችሎቹ ቤታችሁን የሚለቁት በስምንተኛው ሳምንት ግድም መሆኑ ነው። ክትባቱ ሳያልቅ ባለቤት ይቀየራል። አዲሱ ባለቤት ካርዱን በእጁ ይቀበላል፣ «እሺ፣ እሺ» ይላል፣ ከዚያ ስልክ አያነሳም። ምክር ሰጥቻለሁ፣ ለምኛለሁ፣ ተቆጥቻለሁ። ምክር ዋጋ የለውም። የሠራው ብር ነው።

ቡችላውን በነፃ እሰጣለሁ፤ ግን መያዣ እቀበላለሁ። የመጨረሻው መርፌ የተፈረመበትን ካርድ ያመጣ ሰው ብሩ ሙሉ በሙሉ ይመለስለታል። ከሐይቅ ከተማ በኩል የመጡ አንድ አባት ጅብ ስላስቸገራቸው ለበረታቸው ጠባቂ ፈልገው ነበር። ነገሩን ሳስረዳቸው፣

«ልትመልሰው ከሆነ ለምን ትወስደዋለህ?» አሉኝ።

«ቀጠሮውን እንዳይረሱት ነው፣ ሐጂ።»

ሳቁ። «አብሽር! ውሻውን ብረሳ ብሬን አልረሳም።»

እውነታቸውን ነው። ከሁሉም ቀድመው ካርዱን ይዘው የመጡት እሳቸው ናቸው።

ሁለተኛው ዘዴ ቀጠሮውን ሰኞ ማድረግ ነው። ከገጠር የሚመጣው ሰው ሰኞ ገበያ ስለሚወጣ ለውሻ ብሎ ሌላ ትራንስፖርት አይከፍልም። ጥቂት ቀን ወደ ፊት መግፋት ችግር የለውም፤ የመጨረሻዋን ግን ከአሥራ ስድስተኛው ሳምንት አስቀድማችሁ እንዳታስወጉ። ቡችላውን በዘንቢል ይዛችሁ ግቡ፤ ክሊኒኩ ወለል ላይ አታውርዱት። ፓርቮ አፈርና ወለል ላይ ለወራት ይቆያል፣ ተራ ሳሙናም አይገድለውም። ቤት ውስጥ መጀመሪያ ቆሻሻውን አጥባችሁ፣ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ አሥር ደቂቃ አቆዩበት።

ክትባቱን ራሳችሁ የምታጓጉዙ ከሆነ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሀል ይቆይ። በረዶው ጠርሙሱን እንዳይነካው በጨርቅ ለዩት፤ መቀዝቀዝና በረዶ መሆን አንድ አይደሉም። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ ሙቀቱን አስቡት። እኔ ግን አልመክርም። ፍሪጁ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሐኪም ጋ ሄዶ ማስወጋት ይሻላል። ጠይቁት፣ አትፈሩ።

ይኼን ሁሉ ብዬ ትንሿን ቡችላ ለማንም አልሰጠኋትም። ኪሎዋ አልሞላም እያልኩ አቆየኋት። ኪሎዋ ከሞላ ቆይቷል።

ያልፈታሁት የዓመቱን ማጠናከሪያ ክትባት ነው። ለእብድ ውሻውም ለሌላውም ግዴታ ነው፤ መያዣውን ግን መልሼ ጨርሻለሁ። ዓመት ሙሉ የሰው ብር ይዞ መቆየት ደስ አይለኝም። ሌላ ዘዴ የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።