ሽንሽኑን የያዘው ስፌት

ልጁ 11 ዓመቱ ነው። እኛ ጋ ሲመጣ ይህ ሦስተኛው ነበር። አባቱ በጠዋት ታክሲ ከአዘዞ ይዘውት መጥተው ኮሪደሩ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ስሙን ከዝርዝሩ ላይ ሳየው ፊቴ እንደተቋጠረ አስታውሳለሁ።

ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ የዓይን ክሊኒክ ኦፕቶሜትሪስት ነኝ። ዓይን እለካለሁ፣ መነጽር አዛለሁ፣ ከአቅሜ በላይ የሆነውን ለሐኪሙ አስተላልፋለሁ። በቀን የማየው ሰው ብዙ ነው። ይህን ለሰበብ አይደለም የምለው።

በሁለተኛው ቀጠሮ የሆነውን ልንገራችሁ። ልጁን ከሰሌዳው 6 ሜትር ላይ አቆምኩት። ሰሌዳው ላይ እግሯ ወዲህና ወዲያ የምትዞር ‘ኢ’ አለች፤ ልጁ ወዴት እንደዞረች በእጁ ያሳያል። ከላይ ሁለቱን ረድፍ አገኘ። ሦስተኛው ላይ እጁ አየር ላይ ቀረ። በጠባብ ቀዳዳ እንዲያይ ፒንሆል ሰጠሁት። ችግሩ መነጽር የሚያስተካክለው ቢሆን ኖሮ በቀዳዳው ይሻለው ነበር። አልተሻለውም። በሬቲኖስኮፕ ለካሁት፤ መነጽር አያስፈልገውም። በባትሪ ሁለቱን ዓይኖች እያቀያየርኩ አበራሁ፤ ልዩነት የለም። በነጠብጣብ ውስጥ ቁጥር የተደበቀበትን የኢሺሃራ መጽሐፍ ገለጥኩለት፤ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ነገረኝ።

ከትምህርት ቤትም ወረቀት ይዞ መጥቷል። ከሰሌዳ አይገለብጥም፣ ትምህርት ይሸሻል ይላል።

እኔም ካርዱ ላይ ‘ማስመሰል?’ ብዬ ጻፍኩ። ለአባቱም ልጁ እየሰማ ነገርኳቸው። ዓይኑ ደህና ነው፣ ትምህርት ሰልችቶት ይሆናል አልኩ።

«ልጀ ውሸት አያውቅም፣ ሲስተር» አሉኝ። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም።

በሦስተኛው ቀጠሮ ግን ለአባቱ አንድ ወረቀት እንዲፈርሙልኝ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ መስመሩን በዓይናቸው ጥግ ፈለጉት። እስክሪብቶው መስመሩን ሁለት ጣት ያህል ስቶ አረፈ።

«ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ክሩንስ መርፌ ውስጥ ማን ያስገባልዎታል?»

«ልጆቹ ናቸዋ። ሰማያዊውን ካረንጓዴው ደግሞ ባለቤቴ ትለይልኛለች። እናቴም እንዲህ ነበረች። በዘራችን ዓይነ ደካማ ነን።»

ሁለት ጊዜ መጥተው ይህን አልጠየቅኋቸውም። የዓይንን ውስጥ የማይበት ኦፍታልሞስኮፔም መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አላነሳሁትም።

ሐኪሙን ጠራሁ። ለልጁ ጠብታ አድርገን ብሌኑ እስኪሰፋ ጠበቅን። ሐኪሙ አይቶ ሲጨርስ ወንበሩን ለቀቀልኝና «ነይ እዪ» አለኝ። የዓይን ነርቭ ከዓይን የሚወጣበት ክብ ቦታ በጤነኛ ሰው ዙሪያውን ብርቱካንማ ቀላ ያለ ነው። የልጁ በጆሮ በኩል ያለው ግማሹ እንደ ኖራ ነጥቷል። በሌላው ዓይንም እንደዚያው።

«ይሄ ልጅ የሚያየውን ነው የነገረሽ» አለኝ።

ያመንኩባቸው ምርመራዎች ሁሉ በዚህ ሕመም ላይ ዝም የሚሉ ናቸው። የባትሪው ምርመራ አንዱን ዓይን ከሌላው ያወዳድራል፤ ሁለቱም እኩል ከተጎዱ የሚያሳየው ነገር የለም። ኢሺሃራ የሚይዘው የቀይና የአረንጓዴን መምታታት ነው። በዚህ ሕመም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጠፋው ግን የሰማያዊና የቢጫ መስመር ነው። የሬቲኖስኮፑም ሥራ ብርሃኑ እንዴት እንደሚሰበር መለካት ነው። ስለ ነርቩ የሚናገረው የለም።

ሐኪሙ ልጁ የቲቢ መድኃኒት ወስዶ እንደሆነ ጠየቀ፤ ኢታምቡቶል ይህን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። ስለ ምግቡም ጠየቀ። አባትየውንም አየ፤ ነርቫቸው ነጥቷል። የጠረጠረው በዘር የሚተላለፍ የዓይን ነርቭ መድከም ነው። ፖል ኪየር የሚባል የዴንማርክ የዓይን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1959 በዝርዝር የጻፈበት ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ኦፓ1 በሚባል ጂን ብልሽት ሲሆን፣ ጂኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። የጂን ምርመራ አላደረግንላቸውም። ድምዳሜያችን የቆመው በነርቩ መልክና በቤተሰቡ ታሪክ ላይ ነው።

ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ኦፓ1 የሚሠራው የሴሉ ኃይል በሚመረትበት በማይቶኮንድሪያ ውስጥ ነው። ማይቶኮንድሪያን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ባቄላ የመሰለች ሥዕል፣ ውስጧ የሚጠማዘዝ መስመር። ፈተና ላይ ‘እጥፋቱ ስፋት ይጨምራል’ ብዬ ነጥብ አግኝቼበታለሁ። እጥፋቱን ማን እንደያዘው ግን አልጠየቅሁም፣ ማንም አልጠየቀኝም። ትልቅ ሽፋን ጠባብ ቦታ ውስጥ ሲገባ ዝም ብሎ የሚጨማደድ ይመስለኝ ነበር።

እንደዚያ አይደለም። እጥፋቶቹን ጆርጅ ፓላዴ የሚባል ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቶ ክሪስታ ብሏቸዋል። ኋላ በሦስት ገጽታ ሲታዩ ብዙዎቹ ከረጢት ይመስላሉ፤ ሆዳቸው ሰፊ፣ አፋቸው ጠባብ። የአፉ ስፋት በጥቂት አሥር ናኖሜትሮች የሚለካ ነው። ይህን ቅርጽ የሚሰጡት ፕሮቲኖች ናቸው። በከረጢቱ ጠርዝ ላይ ኤቲፒ ሲንቴዝ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይሰለፋል። ይህ ለሴሉ ኃይል የሚያመርተው ማሽን ራሱ ነው። የጥንዶቹ እግር ዘመም ብሎ ስለሚቆም ሽፋኑም አብሯቸው ይጎብጣል። እርሾ ላይ ጥንዶቹን የሚያያይዙት ክፍሎች ሲወገዱ፣ የውስጠኛው ሽፋን እንደ ሽንኩርት ተነባብሮ ተገኘ። እዚህ ጋ ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩ። ሠራተኛው የሚሠራበትን ቤት ራሱ ነው የሚያጎብጠው።

አፉን የያዘው ሌላ ነው። ማይኮስ የሚባል የፕሮቲኖች ስብስብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው ተለይቶ የታወቀው። ከአባላቱ ማይክ10 አንገቱ ላይ ሽፋኑን ያጎብጣል፣ ማይክ60 ደግሞ ከውጭኛው ሽፋን ጋር ያያይዘዋል። ኦፓ1 ከነዚህ ጋር ሆኖ አፉ እንዳይከፈት ይጠብቃል። ሁለት ማይቶኮንድሪያ ሲዋሃዱ ውስጠኛ ሽፋናቸውን የሚያገጣጥመውም እሱ ነው። ከረጢቱ ውስጥ የተከማቸ ሳይቶክሮም ሲ የሚባል ፕሮቲን አለ። እዚያ እያለ ለኃይል ማምረቻው ኤሌክትሮን ያመላልሳል። ከማይቶኮንድሪያው አምልጦ ከወጣ ግን ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ትእዛዝ ይሆናል። የዓይን ነርቭ ከ1 ሚሊዮን በላይ ክሮች አሉት። ክሮቹ ዓይን ውስጥ ባለው መንገዳቸው መሸፈኛ ስለሌላቸው መልእክት ለማስተላለፍ ብዙ ኃይል ይፈጃሉ። ማይቶኮንድሪያ የታጨቀውም እዚያ ነው።

በሳምንቱ አባትና ልጅ ተመልሰው መጡ። እንዴት አድርጌ እንደማስረዳቸው ሳስብ ነበር ያደርኩት።

«የቀሚስ ሽንሽን ያስቡ» አልኳቸው። «በልጁ ዓይን ነርቭ ውስጥ እንደዚያ የታጠፈ፣ በጣም ስስ ነገር አለ። ኃይል የሚመጣው ከዚያ ነው። እጥፋቱ ሲበላሽ ነርቩ ይደክማል።»

ትንሽ አሰቡና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሽንሽን ዝም ብሎ አይቆምም፣ ሲስተር። አጣጥፈው በካውያ ቢተኩሱት እንኳ ለአንድ እጥበት ነው። ወገቡ ላይ ነው የሚያዝ። እዚያ ስፌቱ ከላላ ጨርቁ ይዘረገፋል።»

ሌሊቱን ሙሉ ያነበብኩትን በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። የጎደለውን ብቻ ጨመርኩላቸው። ይህኛው ስፌት አንዴ ተሰፍቶ አይቀመጥም፤ እየተፈታ እንደገና ይሰፋል። ሰፊው ደግሞ በግማሽ ቁጥር ነው ያለው። ከእናትና ከአባት ከሚመጡት ሁለት የጂን ቅጂዎች አንዱ ከተበላሸ፣ ቀሪው ብቻውን የሚያመርተው አይበቃም።

«መልሶ መስፋት የለም?»

«የጠፋውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን የለም፣ ጋሼ።»

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ የቀረውን ነገርኳቸው። ብዙውን ጊዜ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ሙሉ በሙሉ የሚያሳውረው ጥቂቱን ነው። ልጁ ከፊት ወንበር ይቀመጥ፤ ጽሑፉ ይተለቅለት፤ ማጉያ መነጽር እንሞክርለታለን። ሲያድግ ከሲጋራና ከመጠጥ ይራቅ። አንድ ልጅ ከወላጁ ይህን የመውረሱ ዕድል ከሁለት አንድ ስለሆነ ሌሎቹንም ልጆች ያምጧቸው።

ወደ ልጁ ዞርኩ። ያንን ቃል እሱ እየሰማ ነበር የተናገርኩት፣ ስለዚህ ይቅርታውንም አባቱ እየሰሙ ጠየቅሁት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ አንተ እውነት ነው የነገርከኝ አልኩት። ጫማውን እያየ ሰማኝ።

«ለመምህሩ ይነግሩልኛል?» አለ።

እዚያው ጻፍኩለት። ማኅተም እስኪመታ ድረስ አጠገቤ ቆሞ ጠበቀ። ወረቀቱን ተቀብሎ ዓይኑ ሥር አስጠጋው፤ ስሙ ያለበትን ቦታ አገኘና በጥንቃቄ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ካርዱ ላይ ያለውን ቃል ሰርዤ ምክንያቱን፣ ቀንና ፊርማ አኖርኩበት። በእስክሪብቶ አላጠቆርኩትም፤ ቀጥሎ ካርዱን የሚያነሳ ባለሙያ ምን ተጽፎ እንደነበርና ለምን እንደተሰረዘ ማንበብ መቻል አለበት።

አሁን ኦፍታልሞስኮፑ ጠረጴዛዬ ላይ ነው የሚውለው። ለማንም ‘ምንም የለብህም’ ከማለቴ በፊት ነርቩን አያለሁ፣ ስለ እናትና አባቱም ዓይን እጠይቃለሁ። ወረፋው ይረዝማል፣ ይርዘም።

ባለፈው ሐሙስ አባትየው የልጁን ታናሽ እህት ይዘው መጡ። ሰባት ዓመቷ ነው። ሰሌዳው ላይ አራተኛው ረድፍ ድረስ ሄደችና ቆመች። ጠብታ አደረግንላት፣ ጠበቅን። መብራቱን አጠፋሁና ኦፍታልሞስኮፑን አነሳሁ።

«ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እዪልኝ» አልኳት።