«ዝናብ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ድርቅ» የሚለውን ቃል ከዝናብ ሪፖርታችን አውጡ ተባልን። የዓመቱ ዝናብ ተደምሮ ከብዙ ዓመት አማካይ ጋር ሲተያይ ያን ያህል አልጎደለምና ሰንጠረዡ ላይ «መደበኛ» ተብሎ አረንጓዴ ተቀብቷል።

ያን ጊዜ የምሠራው ሸዋ ሮቢት አካባቢ፣ ቆላው ላይ ነው። ከሩቅ ለሚያየው ሰሜን ሸዋ አንድ ዞን ነው። የመንዙ ሰው ግን ገብሱን ውርጭ እንዳይመታበት ይሰጋል፤ የጅሩው ዋልካ አፈሩ ላይ የተኛበትን ውሃ ያጠነፍፋል፤ እኛ ጋ ደመና ይለመናል።

የዚያን ዓመት በልጉ ቀረ። ለማሽላ ሚያዝያን የለመደው ገበሬ ግንቦት መጨረሻ ላይ ባገኛት ካፊያ ዘራ፤ በቀለ፣ ደረቀ፣ ደግሞ ዘራ። በእኛ ስሌት ዝናብ ገባ የሚባለው በሦስት ቀን 20 ሚሊሜትር ያህል ጥሎ፣ በቀጣዮቹ 30 ቀናት ረጅም ደረቅ ጊዜ ካልገጠመ ነው። 30ውን ቀን ቁጭ ብሎ ጠብቆ የሚዘራ ገበሬ ካለ አሳዩኝ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ሲመጣ በጎርፍ መጣ፤ ጥቂት ሌሊት ያወረደው አፈሩን ጠርጎ በሮቢ ወንዝ በኩል ወደ አዋሽ ሄደ። የዝናብ መለኪያው ግን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ያጠራቀመውን ያስነብባል እንጂ ሰረገ፣ ፈሰሰ አይልም። ድምሩን የሞሉት እነዚያ ሌሊቶች ናቸው። ፍልሰታ ሲፈታ ዝናቡም አብሮ ወጣ፤ ማሽላው ገና ሊያብብ ነበር።

«ድርቅ»ን አላወጣም ስል ኃላፊው ራሳቸው መጡ። ማሳ ዳር አንድ ሽማግሌ አገኘን።

«አባባ፣ ዘንድሮ ዝናብ ነበር ወይስ አልነበረም?»

«ነበር እንጂ ጌታው።»

ኃላፊው ዞረው በፈገግታ አዩኝ። «ጻፍ» አሉኝ።

«መቼ እንደነበረስ አይጠይቁኝም?» አሉ ሽማግሌው።

ኃላፊው ሰዓታቸውን እያዩ ነበር። ሽማግሌው አንድ የማሽላ ራስ ቀነጠሱ፣ በመዳፋቸው አሹት፣ እፍ አሉት። ሁሉም በረረ፤ መዳፋቸው ላይ አንድ ፍሬ እንኳ አልቀረም። ገለባው የኃላፊው ኮት ላይ አረፈ። ኮታቸውን አራገፉና «ለማንኛውም ዝናቡ እንደነበር አረጋግጠናል» ብለው ወደ መኪናው ሄዱ። እኔ ሳቄን ለመያዝ የጫማዬን ማሰሪያ አሰርኩ። ቀድሞም ታስሮ እንደነበር ሽማግሌው አይተዋል።

ሪፖርቱ በመጨረሻ «መደበኛ፤ አልፎ አልፎ የእርጥበት እጥረት» ተብሎ ወጣ። «አልፎ አልፎ» እንድትገባ የተከራከርኩት እኔ ነኝ፤ ያለ እሷ የዕርዳታ ጥያቄ የሚንጠለጠልበት ቦታ አልነበረውም። በ2007ቱ የኤልኒኞ ድርቅ ጊዜ ድምሩም አብሮ ስለወረደ ከቅጹ ጋር መጣላት አላስፈለገም ነበር። አደገኛው ድምሩ የሚሞላበት ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ ቅጹ ተሻሻለ። «የዝናብ ሥርጭት» የሚል ዓምድ ተጨመረ፤ ምርጫው «ጥሩ»፣ «መካከለኛ»፣ «ደካማ» ነው። «ደካማ» ብሎ የሞላ ሰው ማብራሪያ ይጠየቃል፣ ስለዚህ ሁሉም «መካከለኛ» ይሞላል።

ሽማግሌውን በተከታዩ ዓመት ማሾ የሚባለውን ጥራጥሬ ዝሩ ብዬ መከርኳቸው፤ በሁለት ወር ተኩል ይደርሳል፣ ዘግይቶ ለሚገባ ዝናብ ይመቻል፤ የአገሬው ማሽላ ግን ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። በጥሞና ሰሙኝ፣ መረቁኝ፣ በመጀመሪያው የሚያዝያ ዝናብ ማሽላቸውን ዘሩ። ለምን ብላቸው «ላሚቱ ማሾ ትበላለች? አጥሩንስ በማሾ ላጥር?» አሉኝ። አገዳውን የምጽፍበት ዓምድ ደግሞ የለኝም።