ውሃ የጠፋ ዕለት

ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥር ለፀጉር ሠሪ የዓመቱ አዝመራ ነው። ሙሽራ፣ ሚዜ፣ አክስት፣ የሙሽራ እናት፤ ሁሉም በሠርግ ዋዜማ ይመጣል። ያኔ አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት አካባቢ በሚገኝ አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ተቀጥሬ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር።

አንድ ዓርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንዲት የሙሽራ እናት ገቡ። ሹሩባቸውን የፈቱት በዚያው ዕለት ጠዋት ነው። ሹሩባ ሲፈታ የማያሳክከው ራስ የለም፤ እርሳቸውም በሚዶ ጫፍ ሲያኩት ማርፈዳቸውን የቀላው የራስ ቆዳቸው ይናገር ነበር። አየሁት። አይቼም ዝም አልኩ። ከኋላቸው አምስት ሰው ተራ ይጠብቃል፤ የቤቱ ባለቤት ደግሞ ፍጠኑ ትላለች። ጆሯቸውን፣ የግንባራቸውን ዙሪያና ማጅራታቸውን ቫዝሊን ቀባሁ፤ ጓንቴን አጠለቅኩና ፀጉር የሚያለሰልሰውን ክሬም፣ ሪላክሰሩን፣ ከማጅራት ጀመርኩ።

ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ፣ «ልጄ፣ አቃጠለኝ» አሉ።

«ትንሽ ይታገሡ እትዬ፣ ሊይዝ ነው» አልኳቸው።

ይህን አነጋገር የወረስኩት ከቀደሙኝ ሠሪዎች ነው። ካላቃጠለ አይለሰልስም የሚለው እምነት በሙያችን ሥር ሰዷል፤ ደንበኞችም አምነውት ጥርሳቸውን ነክሰው ይቀመጣሉ። ሐሰት ነው! ፀጉሩ ሲለሰልስ አንዳች ነገር አይሰማም፤ ፀጉር ሕመም አያውቅም። የሚያቃጥለው ቆዳው ሲበላ ነው። አሲድነትንና አልካሊነትን በሚለካው በፒኤች የጤናማ ቆዳ 5 ገደማ ሲሆን የሪላክሰር ከ12 በላይ ነው፤ በዚህ መለኪያ አንድ ቁጥር ከፍ ማለት አልካሊነቱ ዐሥር እጥፍ መጨመር ማለት ነው። የተለመደው ሪላክሰር የሚሠራበት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሌለበት ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን በካልሲየም ሃይድሮክሳይድና በጓኒዲን ካርቦኔት ውሁድ የሚሠራ ስለሆነ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የታከከ ራስ ደግሞ በሩን ከፍቶ የሚጠብቅ ራስ ነው።

ሁለተኛ ሲጮኹ ወደ መታጠቢያው ወሰድኳቸው። ቧንቧውን ስከፍተው አየር ተፋና ዝም አለ። ውሃ ጠፍቷል። ታንከሩም ከማለዳ ጀምሮ ሲቀዳ ውሎ ባዶውን ቀርቷል። የዚያን ጊዜ ጉልበቴ እንዴት እንደከዳኝ ዛሬም አልረሳውም። የእሳት ቃጠሎ እሳቱ ሲርቅ እየበረደ ይሄዳል፤ ይህ ግን ክሬሙ ታጥቦ እስኪወጣ ድረስ ወደ ውስጥ መዝለቁን አይተውም።

አንዷ ባልደረባዬ ሎሚ ልትገዛ ተነሣች፣ ሌላዋ ቅቤ እንቀባቸው አለች። ሁለቱንም ከለከልኩ፤ በዚያ ቀን ካደረግሁት ሁሉ የማልጸጸትበት ይህ ብቻ ነው። ሎሚ አሲድ ስለሆነ ከክሬሙ ጋር ሲገናኝ ሙቀት ይፈጥራል፣ በተላጠ ቆዳም ላይ ሌላ ቁስል ይጨምራል። ቅቤ ደግሞ የቀረውን ክሬም ከሥር አፍኖ ያስቀረዋል። ደረቅ ፎጣ ይዤ፣ ሳላሽ፣ ክሬሙን እየጠረግሁ አነሣሁት፤ ያለኝ ውሃ ትንሽ ከሆነ ቢያንስ ለቀሪው ይብቃ ብዬ። ልጆቹ ከጎረቤት ምግብ ቤት ሁለት ጀሪካን ይዘው እስኪመጡ አራት ደቂቃ ያህል ሄደ። ከዚያ ዓይናቸውን በፎጣ ሸፍነው፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ ተጨማሪ ጀሪካን እየመጣ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አፈሰስኩባቸው። የሪላክሰሩን ኃይል የሚሰብረው የእኛ ሻምፖ ክሬም እስካለ ድረስ አረፋው ሮዝ ይሆናል፤ ነጭ እስኪሆን ደጋገምኩት።

ከአናታቸው በስተቀኝ አንድ ብር ሳንቲም የምታህል ቦታ ተልጣ፣ ከጆሯቸው ጀርባም ውሃ ቋጥሮ ነበር። የቤቱ ባለቤት ፀጉር በሙቀት በሚያደርቀው ካስክ ውስጥ እናስገባቸውና ቢጎዲን እንጠቅልልላቸው አለች። እምቢ አልኩ። ሙቀትም መጎተትም ለዚያ ራስ ሌላ ጉዳት ነው። እርሳቸው ምንም አልተናገሩኝም። በማግሥቱ በልጃቸው ሠርግ ነጠላቸውን ከራሳቸው ሳያወርዱ ዋሉ።

ሰኞ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የቋጠረው ውሃ ፈንድቶ መግል ስላየሁበትም የቆዳ ሐኪም ዘንድ አብሬያቸው ሄድኩ። ሐኪሙ ያዘዘላቸውን ቅባት እየተቀቡ፣ በቀሪው ጊዜ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ እያሳረፉበት፣ ሽታ በሌለው ሻምፖና ለብ ባለ ውሃ እየታጠቡ ሰነበቱ። እሬትስ ብለው ጠየቁኝ። ሳይቆስል ለቀላ ቆዳ ብቻ የእሬት ዝልግልጉ ክፍል ያቀዘቅዛል፤ ከልጣጩ ሥር የሚወጣው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ግን ራሱ ቆዳ ያስቆጣልና አጥቦ ማስወገድ ያስፈልጋል። ለተላጠ ቦታ ግን ሐኪም ያላዘዘውን አለመንካት ይሻላል። ከሁሉ የከበዳቸው ቅርፊቱን አለማከክ ነበር፤ ሌሊት ነጠላ አላልተው እየጠመጠሙ ተኙ።

ዛሬ በራሴ ቤት ስሠራ የሪላክሰሩን ዕቃ ከመክፈቴ በፊት ቧንቧውን እከፍታለሁ። ሁለት ሙሉ ጀሪካን ከመታጠቢያው አጠገብ ይቀመጣሉ፤ ለሌላ ነገር የሚነካቸው የለም። ደንበኛዋ ሹሩባ መቼ እንደፈታች፣ ራሷን አክካ እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ አክካ ከሆነ የነገው ሠርግ የማንም ይሁን አልቀባም፣ ቢያንስ ከሳምንት በኋላ እቀጥራታለሁ። አንዳንዶቹ ተቆጥተው ሌላ ቤት ይሄዳሉ። የሄዱበት ቤት ውሃ እንዲኖር እመኛለሁ።

እናትየዋ ለእንቁጣጣሽ መጡ። «ሹሩባ ሥሪኝ፣ ግን አታጥብቂው» አሉና ነጠላቸውን አውርደው ተቀመጡ። ከአናታቸው በስተቀኝ ጣቴን ሳሳልፍ አዲስ የበቀለው ፀጉር ከሌላው አጠር ብሎ፣ ጥቅልል ብሎ አገኘሁት።